በማመልከቻዬ ላይ ተፎካካሪዬን ከነስልክ ቁጥሩ የጻፍኩ ዕለት

ከአውስትራሊያ ሊያስባርረኝ ጥቂት የቀረውን ሰው ማንነት ብነግራችሁ አታምኑኝም።

እኔው ነኝ!

በገዛ እጄ፣ ታይፕ አድርጌ፣ የፊርማ ቦታውን ሳይቀር አስተካክዬ።

ጉዳዩ የቆየ ነው። ውርደቱ ግን የዛሬ ነው። ዛሬ ምሳ ላይ ቤታችን ስድስት እንግዶች ነበሩ። ልጄ ሕይወት ጋራዥ ውስጥ ዕቃ ስትፈልግ ያገኘችውን የድሮ ወረቀት ይዛ ገባች። የፒአር፣ ማለትም የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ፣ ማመልከቻዬ ቅጂ ነው። ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቋረጠ።

«ዳድ! የሰውየውን ስልክ ቁጥር ሰጠሃቸው? ሲሪየስሊ?»

የእንግዶቹ እጅ ትሪው ላይ ቀረ።

ባለቤቴ የሺ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች። «ንገራቸው።»

ነገርኳቸው። ለእናንተም ልንገራችሁ። ለእነሱ የዘለልኩትን አንድ ነገር ደግሞ እዚህ እጨምራለሁ፤ ፊት ለፊት እየተያዩ ከመናገር መጻፍ ስለሚቀለኝ ነው።

ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። አዲስ አበባ አሥራ አራት ዓመት ጋዜጠኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሜልበርን ለአጭር ስልጠና መጣሁ። ስልጠናው ሳያልቅ አገር ቤት የምሠራበት ጋዜጣ ተዘጋ። መመለሻ ሥራ የለኝም። የሺና የሦስት ዓመቷ ሕይወት አዲስ አበባ ናቸው። እኔ ከሜልበርን ዳር፣ ዌሪቢ ውስጥ ከሁለት ወንደላጤዎች ጋር ቤት ሼር አድርጌ እኖራለሁ።

በጊዜያዊ ቪዛ ዲር ፓርክ የሚባል ሌላ ሰፈር ሥራ አገኘሁ። ፍራንክ የሚባል፣ ወላጆቹ ከማልታ የመጡ ሰው ትንሽ ማተሚያ ቤት ነበረው። ስለ ክትባት፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ መንገድ ደኅንነት የሚናገሩ በራሪ ወረቀቶችን በብዙ ቋንቋ ያትማል። አማርኛውን በኮምፒውተር የማዘጋጀው እኔ ነኝ። የሌሎቹንም ገጽ አስተካክላለሁ።

ያኔ ኮምፒውተር ላይ አማርኛ መጻፍ እንደዛሬው በአውራ ጣት መጠቅጠቅ አልነበረም። አንዷን «ጯ» ለማውጣት ሦስት ቁልፍ ትመታላችሁ። አንዳንዴ ሦስቱንም መትታችሁ የምትወጣው የጥያቄ ምልክት ናት!

ቪዛዬ ሊያልቅ አምስት ወር ቀረው። ፍራንክ ስፖንሰር ካደረገኝና ፒአር ካገኘሁ የሺና ሕይወት ይመጣሉ። ካላገኘሁ እኔ እሄዳለሁ። መሃል ቤት የለውም።

ፍራንክ ሳያንገራግር እሺ አለ። ደግ ሰው ነው። ግን ወረቀት ይጠላል።

ማተሚያ ቤት ያለው ሰው ወረቀት ሲጠላ አስቡት!

«ታድ፣» አለኝ፤ ታደለ ማለት ይረዝምበታል። «ጸሐፊው አንተ ነህ። ጻፈው፣ እኔ እፈርማለሁ።»

ስህተት ቁጥር አንድ የእሱ ናት። ከዚህ በኋላ ያሉት በሙሉ የእኔ ናቸው።

ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ነበር። ቃል በቃል አላስታውሰውም፤ ሐሳቡ ግን ይህ ነው፦ ይህን ሥራ ሊሠራ የሚችል ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ፈልጋችሁ አጥታችኋል ወይ? አብራሩ።

ጤነኛ ሰው ምን ይመልሳል?

«ፈልገን አጣን።» በቃ። ሁለት ቃል።

እኔ ደግሞ የጻፍኩት ይኸውላችሁ፦ «በሜልበርን የኢትዮጵያን ፊደል በሙያ ደረጃ ለኅትመት ማዘጋጀት የሚችሉ፣ እኛ የምናውቃቸው ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው አመልካቹ ነው። ሁለተኛው አቶ ደጀኔ ይባላሉ። የሆፐርስ ክሮሲንግ ነዋሪና የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ባለቤት ናቸው። በአዲስ አበባ ማተሚያ ቤት የሃያ ስድስት ዓመት ልምድ አላቸው። በአሁኑ ጊዜ ሥራ የላቸውም።»

ቀጥሎ ስልክ ቁጥራቸው።

ሳቁ፣ ሳቁ። እጠብቃችኋለሁ።

ለምን ጻፍከው አትሉም? ጥያቄው ተጠይቋላ! መልሱን ደግሞ አውቀዋለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አለቃዬ «ይህን የሚያረጋግጥልህ ማን ነው? ስልኩስ?» እያለ ጽሑፌን ሲመልስብኝ ኖሯል። እጄ ለምዶታል። አንድ ሰው ጠቅሼ ስልኩን ካላስቀመጥኩ ሸሚዜን ቁልፉን አዛንፌ የለበስኩ ይመስለኛል።

እንዲያውም አስፈቅጃቸዋለሁ!

ጋሼ ደጀኔን የማውቃቸው በዌሪቢ ባቡር ነው። እኔ ዌሪቢ ስሳፈር እሳቸው በሚቀጥለው ጣቢያ ሆፐርስ ክሮሲንግ ይሳፈራሉ። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። በሱዳን በኩል በስደት የመጡ ናቸው። አገር ቤት ከእርሳስ ብረት የተሠራ የማተሚያ ፊደል በእጃቸው እየለቀሙ ገጽ ሲያቆሙ የኖሩ ሰው፣ እዚህ ዌሪቢ አትክልት እርሻ ላይ አበባ ጎመን ሲቆርጡ ወገባቸው ተያዘ። ሥራውን ተዉት። ቤት መዋል ስለማይችሉበት ግን በየጠዋቱ ለብሰው ባቡር ይሳፈራሉ። የት እንደሚሄዱ ጠይቄያቸው አላውቅም።

«ጋሼ፣ ስምዎትን አንድ ወረቀት ላይ ልጠቅስ ነው» አልኳቸው።

«ምን ብለህ?»

«የታወቁ የማተሚያ ቤት ባለሙያ ናቸው ብዬ።»

«ሐሰት ነው?»

«ኧረ እውነት ነው!»

«ታዲያ ምን ታስፈቅደኛለህ? ጻፈው።»

ጻፍኩት። ፍራንክ ሳያነብ ፈረመ። ፖስታውን ራሴ ወስጄ አስገባሁ። ያን ዕለት በራሴ ኮርቼ እንደነበረ ልደብቃችሁ አልችልም።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ስልክ ተደወለ። ፍራንክ አነሳ። እያዳመጠ ዞሮ አየኝ። ፊቱ ቀስ እያለ ቀላ። ስልኩን በመዳፉ ሸፈነ።

«ታድ። ደጀኔ ማን ነው?»

«ሁለተኛው ሰው ነው።»

«የምን ሁለተኛ ሰው?»

«የእኔን ሥራ መሥራት የሚችለው።»

ፍራንክ በዚያ ቀን የፈረመውን ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበ። ሲጨርስ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ቀጥሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም» አለ። ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው።

የደወለችው ማርጋሬት የምትባል የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ናት። ነገሯ ግልጽ ነበር። ችሎታ ያለው ነዋሪ ካለ በመጀመሪያ እሱ መሞከር አለበት። ሰውየው ሁለት ሳምንት ይሞከር። ከዚያ ራሴ መጥቼ አነጋግረዋለሁ አለች። ሥራውን መያዝ ከቻለና ከፈለገ የታደለ ፋይል ይዘጋል።

ትክክል ናት! ምን ትበል? ያስረዳናትን ነው ያነበበችው።

በሳምንቱ መጨረሻ በስልክ ካርድ ለየሺ ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ነገርኳት። ዝም አለች። ዝምታው ከካርዱ ላይ እየተቆረጠ ነው።

«ታደለ፣» አለች በመጨረሻ፣ «ሰው የተጠየቀውን ሁሉ ይመልሳል?»

«ቅጹ ላይ ተጽፎ...»

«እሺ፣ እሺ። አሁን እኚህን ሰው የሚያሠለጥናቸው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እባክህ ዝግ ብለህ አሠልጥናቸው።»

እሺ አልኳት።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ደጀኔ ሱፍ ለብሰው፣ ከረቫት አስረው መጡ። ከሆፐርስ ክሮሲንግ ሁለት ባቡርና አንድ አውቶቡስ ይዘው ከእኔ ቀድመው ደርሰዋል። በሩ ላይ ቆመው የቀለሙን ሽታ በአፍንጫቸው ሲስቡ አየኋቸው። ፊታቸው በራ። ወገባቸው ሳይቀር ቀና አለ።

ከዚያ የወንበሩ ጉዳይ መጣ።

ኮምፒውተሩ ፊት ያለው ወንበር አንድ ነው። እሳቸው ቆመው እኔ ልቀመጥ? አይታሰብም።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

«አይሆንም። ሥራው ያንተ ነው፣ ተቀመጥ።»

«ኧረ በፍጹም! እርስዎ ቆመው?»

«እኔ ልማር የመጣሁ ነኝ። ተማሪ ይቆማል።»

«ጋሼ፣ እባክዎ!»

ሁለታችንም ቆምን። ፍራንክ ሦስቴ አለፈ። በአራተኛው ቆመና ወንበሩን ገለበጠው። እግሮቹን አንድ በአንድ ነቀነቀ።

«ተሰብሯል እንዴ?» አለኝ።

በመጨረሻ ጋሼ ተቀመጡ። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቆሜ ዋልኩ። ቦታዬን የለቀቅኩት በይፋ ነው ማለት ነው።

ዝግ ብዬ ላሠለጥናቸው ነበር። እምላለሁ አልልም፣ ግን አስቤ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ተሳካልኝ። ጋሼ ኮምፒውተሩን ከፊትም ከኋላም አዩትና «ፊደሎቹ የት ነው የሚቀመጡት?» አሉኝ። ልቤ ትንሽ ተረጋጋ።

ማክሰኞ ቁልፎቹን በወረቀት ጻፍልኝ አሉ። ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱት። ረቡዕ ሲመጡ ወረቀቱ የለም።

«የት ጣሉት ጋሼ?»

«አጥንቼዋለሁ።»

ባቡር ላይ! ሁለት መቶ ምናምን ፊደል!

ሐሙስ የእኔን ሥራ ማረም ጀመሩ። የጨረስኩትን ገጽ አንስተው በክንዳቸው ርቀት ያዙት። ማንበብ እንኳ አላነበቡትም። ዝም ብለው አዩት።

«ይኼ መስመር ላላ። ይኼኛው ደግሞ ታፈነ። ሰው ሲያነበው ዓይኑ እንደ ጋሪ ይንገጫገጫል። አይታይህም?»

አልታየኝም ነበር። ሲነግሩኝ ታየኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ።

ልምዴ ሆኖ ማስታወሻ እይዛለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ የጻፍኩት ይህ ነው፦ ጋሼ ደጀኔ አንድ ገጽ እኔ በምጨርስበት ጊዜ ጨርሰዋል። ስህተታቸው ከእኔ ያነሰ ነው። ገጹ ያምራል።

ዝግ ብዬ ማሠልጠን ያልቻልኩት ለዚህ ነው። ሰው ሲጠይቅህ፣ ያውም እንደ እሳቸው ዓይኑ እየበራ ሲጠይቅህ፣ እንዴት ታሳስተዋለህ? የሺን በልቤ ይቅርታ እየጠየቅኩ ቁልፎቹን ሁሉ አሳየኋቸው። አቋራጮቹን ጭምር!

አሁን ጠያቂ አይጠፋም። «ለምን እውነቱን አልነገርካቸውም? እርስዎ ይህን ሥራ ከያዙ እኔ እባረራለሁ ማለት ምን ይከብዳል?»

ይከብዳል! ይሉኝታ የሚባለው ነገር ሁለት ባቡርና አንድ አውቶቡስ ይዞ ዲር ፓርክ ድረስ ይመጣል። ሥራ አጥ አዛውንት ሥራ ሲያገኙ፣ እምቢ ይበሉልኝ ብሎ የሚለምን ምን ዓይነት ሰው ነው? እንኳን ልናገረው፣ ሳስበውም አፍር ነበር። እሳቸው ሙከራውን እኔ በደግነት ያመቻቸሁላቸው መስሏቸዋል። ሁለቴ መርቀውኛል።

ነገሩን ያፈነዳው ፍራንክ ነው። ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ አላስችል አለው። ጋሼ ፊት ቆሞ በእጁ እኔን እያመለከተ በእንግሊዝኛ ተናገረ። ጋሼ እንግሊዝኛው ጥቂት ነው የሚገባቸው። ዞረው አዩኝ።

«ምን አለ?»

አያችሁ ጉዴን? አስተርጓሚው እኔው!

ጨምሬም ቀንሼም ማስተርጎም አልችልም። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «እርስዎ ይህን ሥራ ከያዙ ታደለ አገሩ ይገባል ይላል።»

«ታደለ ማን?»

«እኔ።»

«እንግዲያው አንተ ነህ ይህን ያልከው።»

«አይደለም ጋሼ፣ እሱ ነው ያለው። እኔ ያስተረጎምኩ ነኝ።»

ሳንድዊቻቸውን አስቀመጡ። አንድ በአንድ ጠየቁኝ፣ አንድ በአንድ መለስኩ። ቪዛዬን፣ የሺን፣ ሕይወትን፣ የማርጋሬትን ውሳኔ። ከፖሊስ ጣቢያ የከፋ ነበር።

«የእኔን ስም ለመንግሥት የሰጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። አስፈቅጄዎት ነበር።»

«ስልኬንስ?»

«እሱንም እኔ ነኝ።»

«ምን ዓይነት ፍጡር ነህ አንተ?» አሉ።

ፍራንክ «ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። አስተረጎምኩለት። «እኔም ልጠይቅህ ያሰብኩት እሱኑ ነው» አለ።

ጋሼ ከሰዓት በኋላ ገጻቸውን ጨረሱ። ኮምፒውተሩን ከማጥፋታቸው በፊት በመሐረባቸው አቧራውን ጠረጉት። በማግስቱም መጡ፣ ሠሩ፣ ሄዱ። ምን እንዳሰቡ አላወቅኩም። እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ማጋነን አይሆንም።

ዓርብ ማርጋሬት መጣች። ቁመቷ አጠር ያለ፣ ጫማዋ ለመንገድ የተሠራ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። እኔ ባለጉዳይ ስለሆንኩ ማስተርጎም አልችልም። የስልክ አስተርጓሚ ቡክ አድርጋለች። ስልኩ ጠረጴዛው መሃል ተቀመጠ፣ ድምፅ ማጉያው ተከፈተ፣ አንዲት አማርኛዋ የጠራ ሴት «ጤና ይስጥልኝ» አለችን። እኔና ፍራንክ ዳር ላይ ተቀመጥን።

ማርጋሬት ጠየቀች። ይህን ሥራ መሥራት ይችላሉ?

«አሳምሬ!» አሉ ጋሼ። «ከዚህ ልጅ እበልጣለሁ።»

ፍራንክ ዓይኑን ጨፈነ።

ሥራውን ይፈልጉታል?

ጋሼ ኮምፒውተሩን አዩ። «እፈልገዋለሁ» አሉ።

ያኔ ነገሩ እንዳበቃ ተረዳሁ። አልተናደድኩም። የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነበር። ለየሺ የምነግራትን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር በልቤ መጻፍ ጀመርኩ። ዋናው ነገር በመጀመሪያው መስመር ላይ መውጣት አለበትና።

«ግን፣» አሉ ጋሼ፣ «በበዓል አልሠራም።»

ማርጋሬት ፈገግ አለች። በበዓልማ ማንም አይሠራም አለች። የትኞቹ በዓላት ናቸው?

ጋሼ ጣታቸውን ዘርግተው መቁጠር ጀመሩ። «በየወሩ ማለቴ ነው። በአንድ ልደታ። በሦስት ባታ። በአምስት አቦ። በሰባት ሥላሴ። በአሥራ ሁለት ሚካኤል...»

አስተርጓሚዋ ተከተለቻቸው። ማርጋሬት ብዕሯን አነሳች። ከግድግዳው ላይ ካሌንደር እንዲያወርድላት ፍራንክን ለመነችው።

«በአሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት። በአሥራ ዘጠኝ ገብርኤል። በሃያ አንድ ማርያም።»

ፍራንክ የማልታ ካቶሊክ ነው። ማርያም ስትባል ሳያውቀው ራሱን ነቀነቀ።

«በሃያ ሦስት ጊዮርጊስ። በሃያ ሰባት መድኃኔዓለም። በሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድ።»

ማርጋሬት ያከበበቻቸውን ቀናት ቆጠረች። አሥራ አንድ። በወር?

«በወር።»

በዚህ ላይ ቅዳሜና እሑድ አለ?

«እነሱማ ሰንበት ናቸው!» አሉ ጋሼ እንደመቆጣት ብለው።

በዚህ ጊዜ አስተርጓሚዋ ይቅርታ ጠይቃ አንድ ነገር ላስረዳ አለች። እነዚህ ቀናት በዚህ ካሌንደር አይቆጠሩም፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሌላ ነው አለች። ማርጋሬት ያከበበችውን ካሌንደር አየች። ብዕሯን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

አልጨረሰችም ግን። ጎበዝ ናት፣ ጋዜጠኛ ብትሆን ይወጣላት ነበር። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ግን አንድም ቀን አልቀሩም» አለች።

እኔ ዓይኔን ካሌንደሩ ላይ ተከልኩ።

«ይኼ ሥራ አይደለም፣ ስልጠና ነው» አሉ ጋሼ። «ትምህርት በበዓል አይከለከልም።»

ማርጋሬት ወደ እኔ ዞረች። ከአንድ አገር ናችሁ፣ እነዚህ በዓላት በእርግጥ አሉ?

ለእንግዶቼ የዘለልኩት ይህን ነው።

አንደኛ፣ እኔ ጴንጤ ነኝ። ከእነዚህ ቀናት አንዱንም አላከብርም። ሁለተኛው ይብሳል። በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት ባቡር ላይ ጋሼ ደጀኔ ስለ ድሮ ሥራቸው ሲያጫውቱኝ ነበር። «የፋሲካ ማግስት ጋዜጣ በፋሲካ ዕለት ነው የሚሰናዳው» አሉኝ። «ሌላው ቤቱ ዶሮውን ይበላል። ፊደል የሚለቅመው ማን ነው? ደጀኔ! ሃያ ስድስት ዓመት! አንድ በዓል ቀርቼ አላውቅም!» ደረታቸውን እየመቱ ነው የነገሩኝ። ማስታወሻዬ ላይ አለ።

ጋሼ አዩኝ። ጨዋ፣ የተረጋጋ አስተያየት ነው። ዓይናቸው ግን «አፍህን ብትከፍት!» ይል ነበር።

እኔም አፌን ከፈትኩ።

«አዎ፣» አልኩ። «በዓላቱ በሙሉ አሉ። ቀናቱም ትክክል ናቸው። የቆጠሩበትም ቅደም ተከተል ትክክል ነው።»

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። እኚህ ሰው በእነዚህ ቀናት ሥራ ይቀራሉ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ምን እንደምመልስ ዛሬም አላውቀውም፤ ማወቅም አልፈልግም።

ከስልኩ ውስጥ እንደ ሳል ያለ ድምፅ ተሰማ። አስተርጓሚዋ ሳቀች ብዬ እገምታለሁ። ማረጋገጥ አልቻልኩም።

ማርጋሬት ጥቂት መስመር ጻፈች። ጋሼን በአክብሮት ጨበጠቻቸው። በሩ ላይ ስትደርስ ለፍራንክ፣ ከዚህ በኋላ ወረቀቶቹን አንብቦ እንዲፈርም መከረችው። እኔን አየችኝ፣ የሆነ ነገር ልትል ፈለገች፣ ተወችው።

ፍራንክ የጋሼን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። ከዚያ ማሽኑ ጋ ሄዶ የማይጠረገውን ጠረገ።

ጋሼን አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘኋቸው። መንገዱ በመጋዘኖች መሃል ነው፤ ከባድ መኪና በጎናችን ያልፋል። ዝም ብለን ሄድን። እኔ ግን ታውቁኛላችሁ።

«ጋሼ፣» አልኩ፣ «እርስዎ ግን እኮ ያን ዕለት ባቡር ላይ፣ በበዓል...»

«ዝም በል!»

ዝም አልኩ። አሥር እርምጃ ያህል ሄድን።

ቆሙና ዞሩብኝ። «ይኼንንም ልትጽፈው ነው?»

«አልጽፍም ጋሼ።»

«ማል።»

«እኛ አንምልም።»

«ኤዲያ! እናንተ ደግሞ ለዚህ ጊዜ ነው ሃይማኖት የሚታሰባችሁ!»

አውቶቡሱ መጣ። ሊሳፈሩ ሲሉ ከረቫታቸውን ፈቱት። ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱትና ሳይሰናበቱኝ ወጡ። መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ወደ ማተሚያ ቤቱ በኩል ነበር የሚያዩት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ፒአሬ ወጣ። የሺና ሕይወት በሚቀጥለው ዓመት መጡ። ጋሼ ደጀኔ ከዚያ ወዲህ ማተሚያ ቤት አልሠሩም። ፍራንክ አልፎ አልፎ እንዲመጡ ሁለቴ ጠይቋቸው ነበር፤ ሁለቴም አይሆንም አሉ። የመንግሥት ሰው ድንገት ቢመጣና ቢያገኘኝስ አሉ። የጀመሩትን ነገር በደንብ የሚጨርሱ ሰው ናቸው።

እኔ በዚያ ወንበር ላይ ዘጠኝ ዓመት ተቀመጥኩ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እሳቸው በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ የሠሩትን ዓይነት ገጽ አንድም ቀን አልሠራሁም። ሞክሬአለሁ።

ጋሼ ዛሬ ወደ ዘጠናው እየተጠጉ ነው። ፌስቡክ የላቸውም። ልጃቸው ሶስና ግን ይህን ገጽ እንደምትከታተል አውቃለሁ።

ሶስና፣ እባክሽ አታንብቢላቸው። ካነበብሽላቸውም አልማለም ነበር በያቸው። እሱ እውነት ነው።

እናንተስ? ከመካከላችሁ ፒአሩን ያገኘው የሚበልጠው ሰው በዓል ስለበዛበት የሆነ አለ? ወይስ እኔ ብቻ ነኝ?